መንገዱ ነፃ ነው?

አንድ የጣቢያ ሹም ነበር፤ ባቡሩ ከቆመ፣ ጣቢያው ከተዘጋ፣ እሱም ጡረታ ከወጣ በኋላ ሹመቱን ያልተወ። ስሙ ድንበሩ ይባላል። የሚኖረው በቆላው ጫፍ ባለች አንዲት የባቡር ከተማ ነው። ዘመን ተለውጦ አሮጌው ሐዲድ ሲነቀል የከተማው ሰው አዘነ፣ ጥቂት አለቀሰ፣ ከዚያም እንደ ሰው ልማድ ወደየጉዳዩ ሄደ። ድንበሩ ግን እሺ አላለም። "እናንተ አፍርሱ፣ እኔ እሠራዋለሁ" አለና መንገዱን እንደገና ሊሠራው ተነሳ። በትንሹ።

በትንሹ ሲባል የልጆች መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ሁሉንም ነገር ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ አሳንሶ ነው የሠራው፤ ሰማንያ ሰባት ሜትር የነበረው ድልድይ እሱ ዘንድ አንድ ሜትር ነው፣ ከዚያ ጣት የምታህል አትጎድልም፣ አትተርፍም። ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ባዶ የዕቃ መጋዘን ፈቀደለት። እዚያ ውስጥ አሥራ ስምንት እርምጃ የሚረዝም ጠረጴዛ ዘረጋ። ሐዲዱን ከናስ ሽቦ አበጀው። ድልድዩን ከሰርዲን ጣሳ ቆርጦ በየደው። የባቡሩን ሞተር ከተበላሸ ቴፕ ሪከርደር አወጣ። ኮረብታውን በጆንያና በጀሶ አቆመ፣ ግራሩን ከደረቀ የጦስኝ ቅርንጫፍ ተከለ። አሸዋውን ደግሞ ከእውነተኛው የባቡር መንገድ ዳር በኮፍያው ተሸክሞ አመጣ። "ጋሽ ድንበሩ፣ አሸዋ ሁሉ አሸዋ አይደለም ወይ?" ያለው ሰው ነበር። "ሰው ሁሉስ ሰው አይደል? ታዲያ ለምን መርጠህ አገባህ?" ብሎ መለሰለት።

ሰባት ዓመት ፈጀበት። ሲያልቅ ግን ምን ልበላችሁ! የላይኛው ጣቢያ ድንበሩ ራሱ የተሾመበት ነበር፤ የታችኛው ጣቢያ ከሸለቆው ማዶ። በሁለቱ መሐል አንድ ነጠላ ሐዲድ በኮረብታው ዙሪያ ተጠማዞ፣ በድልድዩ ላይ አልፎ ይወርዳል። በጣቢያዎቹ በር ላይ ዘይቱን የሚሸጡ ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ቆመዋል፤ የአውራ ጣት ጥፍር አያክሉም። ሦስት ጓዝ የተሸከመ ወፍራም ነጋዴ አለ። ቲኬት ያልቆረጠች ፍየል አለች። ድንበሩ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁሉንም በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ያዛል፤ ራሱ ፈላጭ፣ ራሱ ቆራጭ።

ጎረቤቱን ጠርቶ ባሳየ ቀን መጋዘኑ በእልልታ ተናጋ። ባቡሩ ጩኸቱን ለቆ ከላይኛው ጣቢያ ወጣ፣ ድልድዩን አለፈ፣ ታችኛው ጣቢያ ገባ። "እሰይ! እጅህ ይባረክ!" ተባለ። ባቡሩ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። ደግሞ ተመለሰ። በአራተኛው ጉዞ አንዱ አዛጋ፣ አንዷ ድስት ጥጄ መጥቻለሁ አለች፤ በስድስተኛው ጉዞ ድንበሩና ፍየሏ ብቻቸውን ቀሩ።

በሳምንቱ የባሰ መጣ። ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ደረሰው፤ ከንቲባው ከሁለት ወር በኋላ መጥተው ሥራውን ያያሉ፣ ለከተማው የሚጠቅምና ሰው የሚሰበስብ ሆኖ ካላገኙት መጋዘኑ ለሲሚንቶ ማከማቻ ይሰጣል ይላል። ድንበሩ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው። ሰባት ዓመቱ በሲሚንቶ ከረጢት ሥር ሲጨፈለቅ ታየው። ከዚያ ወዲያ ቤት አልገባ አለ፤ መብራት ጨመረ፣ ዛፍ ጨመረ፣ ለነጋዴው አራተኛ ጓዝ ጨመረለት።

ባለቤቱ እታፈራሁ ምሳ ይዛለት መጥታ ጥቂት ቆማ አየችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ጎደለው ብለህ ነው የምትደክመው?" አለችው።

"ሰው አይቆምልኝም። ያያል፣ ይሄዳል። አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ግን ምን እንደሆነ አላውቀውም።"

"እኔ አውቀዋለሁ። ራስህ ትጠይቃለህ፣ ራስህ ትመልሳለህ። ራስህ ትልካለህ፣ ራስህ ትቀበላለህ። ከራሱ ጋር ዳማ የሚጫወት ሰው ማን ቆሞ ያያል?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"የታችኛውን ጣቢያ ለባለቤቱ ስጠው።"

ድንበሩ ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረ። የታችኛው ጣቢያ ባለቤት አብዶሽ ነው፤ ከአብዶሽ ጋር ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ቃል አልተለዋወጡም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ መንገድ ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለነበር ከሁለት ወገን የተላኩ ባቡሮች ቢገናኙ የሚሸሹበት የላቸውም። ስለዚህ የጣቢያ ሹም ባቡር ከመልቀቁ በፊት ደወሉን ደውሎ፣ ስልኩን አንስቶ፣ በማዶ ያለውን ሹም "መንገዱ ነፃ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ማዶኛው አይቶ፣ ቆጥሮ፣ "ነፃ ነው" ሲል ብቻ ባቡሩ ይሄዳል። ጠያቂው በኮረብታው ተከልሏልና አያይም፤ የሚያየው መላሹ ነው። ድንበሩና አብዶሽ ይህችን ቃል ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀባበሉ። በዓመት ሁለቴ ቢገናኙ ነው፤ ግን አንዱ የሌላውን ሳል ከሌላ ሰው ሳል ይለየው ነበር። አብዶሽ ቀልደኛ ነው፣ ከጥያቄው በፊት አንድ ቀልድ ጣል ሳያደርግ አይጠይቅም። ድንበሩ ኮስታራ ነው፣ ሳይስቅ ይሰማና ስልኩን ከዘጋ በኋላ ብቻውን ይስቃል።

አንድ ቀን በስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ አብዶሽ ደውሎ ጠየቀ። ከላይኛው ጣቢያ የወጡ አራት ሐዲድ ጠጋኞች በእጅ በሚገፋ ጋሪያቸው መንገድ ላይ ነበሩ። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ይመለሱና ከጣቢያው ጓሮ ምሳቸውን ያበስላሉ። ድንበሩ የጓሮው እሳት ጢስ ሸተተው። ገብተዋል ብሎ አሰበ፤ ወጥቶ አልቆጠራቸውም። "ነፃ ነው" አለ። እሳቱን ያነደደችው ግን የጣቢያው ጠባቂ ሚስት ነበረች።

ባቡሩ በኩርባው ሲዞር ጋሪው ከድልድዩ አፍ ላይ ነበር። ሰዎቹ ዘለሉ፣ ጋሪው ደቀቀ፣ የአንዱ እግር ተሰበረ። ሰው አልሞተም፤ እግዜር አተረፈ። በምርመራው ቀን ግን ድንበሩ ላብ አጠመቀው፣ ምላሱም ቀደመው። "አልጠየቀኝም" አለ። አብዶሽ "ጠይቄዋለሁ" አለ። በስልክ የተባለ ቃል ምስክር የለው። ድንበሩ ጥንቁቅ ነው እየተባለ አገር ያወቀው ሰው ነበርና ታመነ፤ ቀልደኛው አብዶሽ አልታመነም። ከሹመቱ ተነስቶ ጡረታው እስኪደርስ ድረስ ጆንያ ሲመዝን ኖረ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ማለት ይኼ ነው።

እውነቱን ከድንበሩ በቀር በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። እታፈራሁ እንኳ ሁለቱ በሥራ የተጣሉ ነው የሚመስላት።

ሦስት ቀን አመነታ። በአራተኛው ቀን ልብሱን ቀይሮ ወደ አብዶሽ ቤት ሄደ። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያጠና ነበር፤ በሩ ሲከፈት ግን ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። አብዶሽ ሽበቱ ጨምሯል፣ ሽርጡን ታጥቆ በር ላይ ቆሞ አየው።

"አቦ፣ መንገድ ተሳስተህ ነው?" አለው።

"አልተሳሳትኩም። ባቡሩ አልሄድልህ አለኝ፣ አብዶሽ።"

"ሰማሁ። ከተማው ሁሉ ያወራል። የኔ ጣቢያ በር ምን ቀለም ነው የቀባኸው?"

"አረንጓዴ።"

"ግራው መዝጊያ ሰማያዊ ነበር። ቀለም አልቆብን።"

"እሱንም ቀብቼዋለሁ። ግራውን ሰማያዊ።"

አብዶሽ በሩን ገፋ አድርጎ ከፈተ። "ግባ" አለው። ምርመራውን አላነሳም፤ ድንበሩም አላነሳም። የመጣበትን ብቻ ነገረው።

"እመጣለሁ" አለ አብዶሽ፣ "ግን መጣሁ ማለት ታረቅን ማለት አይደለም። የምመጣው ለባቡሩ ነው። ሁለት ነገር ደግሞ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ጠረጴዛህን መሐሉ ላይ በግድግዳ ክፈለው። እኔ ያንተን ወገን እንዳላይ፣ አንተ የኔን እንዳታይ። ስልክና ደወል ይግባልን።"

"ውበቱ ይበላሽብኛላ! ሰው ከዳር እስከ ዳር እንዲያይ ብዬ እኮ ነው..."

"ሰው ይይ። እኛ ግን እያየን ከሆነ ምን ያጠያይቀናል? ሁለተኛ፣ ከሰማይ እጅ አይወርድም። ባቡር ቢቆም፣ ፉርጎ ቢወድቅ፣ በጣትህ ብድግ አድርገህ አታነሳም። በእውነተኛው መንገድ እንዴት ይነሳ ነበር? እንደዚያው ይነሳል።"

ድንበሩ እሺ አለ። ከዚያ በኋላ በዚያ መጋዘን የሆነውን ብታዩ! የኮምፔርሳቶ ጣውላ ግድግዳ በጠረጴዛው ወገብ ላይ ቆመ፤ ባቡሩ የሚያልፍባት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ቀረች። ደወሉ "ቅጭል!" ሲል ድንበሩ ልቡ ዘለለ።

"መንገዱ ነፃ ነው?" አለ የአብዶሽ ድምፅ።

ድንበሩ አየ። ቆጠረ። "ነፃ ነው።"

"ነፃ ነው ብለሃል። ባቡሩ ወጣ።"

ያው ባቡር፣ ያው ድልድይ፣ ያው ፍየል ነው፤ ግን አሁን ሁሉም ነገር ነፍስ ዘራ! የተጨመሩት የእህል ባቡርና፣ የቆመውን የምትጎትት አንዲት ትንሽ መጎተቻ ባቡር ብቻ ናቸው። አንዱ ሹም የእህል ባቡር ሊልክ ሲጠይቅ ሌላው የመንገደኛ ባቡር ይዞ ይጠብቃል። ማን ይቅደም? ማን ይቁም? የሰዓት ሠሌዳው ይሮጣል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ የሐዲዱ ማዞሪያ ቀጭ ይላል። ወሬው በከተማው ሲናፈስ ሰው ይጎርፍ ጀመር። ከግድግዳው በዚህ በኩል የቆመው ተመልካች የላይኛው ጣቢያ ደጋፊ ሆነ፣ በዚያ በኩል የቆመው የታችኛው። ሁሉም የሹሙን ስህተት ያያል፣ መናገር ግን ክልክል ነው፤ ከንፈሩን ነክሶ ይንቆራጠጣል። አንድ ጡረተኛ ትኬት ተቆጣጣሪ አሮጌ ፊሽካውን ይዞ መጣና ያለ እሱ ፊሽካ ባቡር እንዳይነሳ አዘዘ፤ ማንም አልተቃወመውም። ድሮ በባቡር ተሳፍረው የነገዱ ሴቶች "ዘይቱን ሻጯ የቆመችው በፀሐይ ነው፣ ማን ይገዛታል? ወደ ጥላው አስጠጋት!" እያሉ ድንበሩን አዘዙት። ድስት የጣደችው ሴትዮ እንኳ ተመልሳ መጣች፤ ድስቱ አረረባት ይባላል።

ሁለቱ ሹማምንት ግን ከዚያች ጥያቄና ከዚያች መልስ ውጪ አንዳች አይነጋገሩም። ጠዋት ሲገቡ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይባባላሉ፣ ከዚያ በግድግዳው ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። አብዶሽ አይቀልድም። ለድንበሩ ግን ያችም በቂ ነበረች። "መንገዱ ነፃ ነው?" የምትለው ድምፅ በቀን ሠላሳ ጊዜ ትመጣለታለች፤ በመጣች ቁጥር ደስ ይለዋል፣ ወዲያውም ያፍራል። ይህ ሰው ዛሬም እኔ ነፃ ነው ስለው ያምነኛል ብሎ ያስባል።

በአምስተኛው ሳምንት ስልኩ ጮኸ።

"ሐዲድ ጠጋኞቹስ?" አለ አብዶሽ።

"ምን?"

"ሁሉን ሠርተሃል። ፍየል እንኳ ሠርተሃል። ጋሪና አራት ሰዎች ግን የሉህም።"

ድንበሩ ድልድዩ አፍ ላይ ያለውን ባዶ ሐዲድ አየ። "እሠራቸዋለሁ" አለ። ከአሮጌ የደወል ሰዓት ሞላ አውጥቶ ጋሪ አበጀ፤ አራቱን ሰዎች ከእንጨት ጠረበ። ጋሪዋ ሞላዋ ሲጠመዘዝ ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ቀስ ብላ ትመለሳለች። ሰው ወደዳት።

የከንቲባው ቀን ደረሰ። መጋዘኑ ጢም አለ፤ መግቢያ ያጣው ሰው በመስኮት ተንጠለጠለ። የፕሮግራሙ መደምደሚያ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፈጣኑ የመንገደኛ ባቡር ከታችኛው ጣቢያ ይነሳል፣ የሚያስነሱትም ከንቲባው በገዛ እጃቸው ናቸው። አብዶሽ አጠገቡ አስቀመጣቸው። ከንቲባው ጣታቸውን ማብሪያው ላይ አድርገው እንደ ልጅ ይቁነጠነጣሉ።

ከዘጠኝ ሰዓት አምስት ደቂቃ በፊት የሐዲድ ጠጋኞቹ ጋሪ ወደ ላይኛው ጣቢያ ስትመለስ ድልድዩ አፍ ላይ ቀጥ አለች። ሞላዋ አለቀ። በድንበሩ በኩል የቆመው ሰው ሁሉ አያት፤ በግድግዳው ማዶ ያለው ሰው ግን አላያትም። "እህ!" የሚል ድምፅ ተሰማና ወዲያው ጸጥ አለ።

ደወሉ ተደወለ። ስልኩ ጮኸ።

"መንገዱ ነፃ ነው?"

ድንበሩ የስልኩን አፍ በመዳፉ ከደነ።

የከንቲባው ጸሐፊ በሰው መሐል እየተሹለከለከ ከጎኑ ደረሰ። "ጋሽ ድንበሩ፣ ክቡር ከንቲባው እየጠበቁ ነው። ምንድን ነው ነገሩ?"

"ጋሪዋ መንገድ ላይ ናት።"

"ታዲያ በጣትዎ ብድግ ያድርጓት! በማዶ ያለው አያይ፣ ማን ያውቃል? ነፃ ነው ይበሉና እንጨርስ። ሲሚንቶው እኮ ደጅ ነው ያለው፤ እንዲህ ባለ ቀን ባቡሩ ቆመ ከተባለ..."

የድንበሩ እጅ ተነሳ። ጣቶቹ ጋሪዋ ላይ ሊያርፉ አንድ ስንዝር ቀራቸው። አራቱ የእንጨት ሰዎች ቆመው ነበር፤ አንዱን እግሩን ሸፋፋ አድርጎ ነው የጠረበው፣ ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። እጁን መለሰ። ላብ አጠመቀው።

"ላይኛው ጣቢያ፣ መንገዱ ነፃ ነው?" አለ አብዶሽ ደግሞ።

"ነፃ አይደለም" አለ ድንበሩ። ድምፁ ከሚፈልገው በላይ ጮኸ። "ጋሪ ድልድዩ አፍ ላይ ቀርታለች። ነፃ አይደለም።" ትንፋሹን ሳበ። "ያን ቀንም ነፃ አልነበረም፣ አብዶሽ። ጠይቀኸኛል። ወጥቼ ሳልቆጥር ነፃ ነው ያልኩህ እኔ ነኝ። አልጠየቀኝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ዋሽቼብሃለሁ።"

እታፈራሁ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ድንበሩ ሰከንዱን ሲቆጥር እድሜው ሁሉ ያለቀ መሰለው።

ከዚያ ስልኩ ተነፈሰ። አብዶሽ ድምፁ ትንሽ ሻክሯል፣ ግን በሥራው ቋንቋ ነው የተናገረው።

"ታችኛው ጣቢያ ተቀብሏል። መንገዱ ነፃ አይደለም። ባቡሩ ይቆያል።" ቀጥሎም "ክቡር ከንቲባ፣ እጅዎን ያንሱልኝ" ሲል ተሰማ።

"ለስንት ጊዜ?" አሉ ከንቲባው።

"ነፃ እስኪሆን።"

ከንቲባው ጣታቸውን አነሱ፤ ምን ያድርጉ! ድንበሩ እንባውን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ሥራው ዞረ። ከላይኛው ጣቢያ ጓሮ ትንሿን መጎተቻ ባቡር አስነሳ። ቀስ ብላ ወጣች፣ በኩርባው ዞረች፣ ወደ ድልድዩ ተጠጋች። የመጀመሪያው መንጠቆ ሳተ። "አይ!" አለ ሕዝቡ። ሁለተኛውም ሳተ። የትኬት ተቆጣጣሪው ፊሽካውን በጥርሱ ነክሶ ዓይኑን ጨፈነ። በሦስተኛው ቀጭ ብሎ ያዘ! ጋሪዋ ንቅንቅ አለች፣ ከድልድዩ አፍ ወጣች፣ አራቱን ሰዎቿን ይዛ ወደ ጣቢያው ስትጎተት ሰው እንደ እውነት "ኑ፣ ኑ፣ ኑ!" እያለ ጠራቸው። ድንበሩ ማዞሪያውን ዘጋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ጮክ ብሎ ቆጠራቸው።

ደወሉ ተደወለ። ጥያቄው መጣ። "ነፃ ነው!" ሲል መጋዘኑ በሙሉ አብሮት ጮኸ። ፊሽካው ተነፋ፣ ከንቲባው ማብሪያውን ተጫኑ፣ ፈጣኑ ባቡር በግድግዳዋ ቀዳዳ ብቅ ብሎ በድልድዩ ላይ በረረ። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ፉጨቱ! ከንቲባው ዘለው ተነሱ። "ዘጠኝ ደቂቃ ጠበቅኩ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ ጠብቄ አላውቅም!" አሉ። ጸሐፊያቸውን ጠርተው ለሲሚንቶው ሌላ ቤት እንዲፈለግለት አዘዙ።

ድንበሩ ይህን አልሰማም። ዓይኑ የግድግዳው ጫፍ ላይ ነበር። አብዶሽ ከዚያ ዞሮ መጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ይሰድበኛል፣ ምናልባትም ይመታኛል ብሎ ድንበሩ ጠበቀ፤ ቢመታው ደስ ይለው ነበር። አብዶሽ ግን ፊቱ ቆሞ በሁለት እጁ ትከሻውን ያዘውና፣

"ጠይቄህ ነበር ማለት ነው?" አለው።

"ጠይቀኸኝ ነበር።"

"እርግጠኛ ነህ? አዝነህልኝ እንዳይሆን።"

"በስድስት ሰዓት ደወልክ። ስለ ቄሱ በቅሎ ቀለድክልኝ። ከዚያ መንገዱ ነፃ ነው ወይ አልከኝ።"

አብዶሽ የድንበሩን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "የበቅሎዋ ቀልድ" አለ፣ እየሳቀና እያለቀሰ። "አየህ ድንበሩ፣ መጀመሪያ ላይ ውሸታም ነህ እል ነበር። ዓመት ሲያልፍ፣ ሰው ሁሉ ድንበሩ አይሳሳትም ሲል፣ ምናልባት እኔ እሆን አልኩ። ቀልድ ሳወራ ሳልጠይቅ ስልኩን ዘግቼ ይሆን? ያ ሰውዬ እግሩ የተሰበረው በኔ ቀልድ ይሆን? ከዚያ ወዲያ መቀለድ ተውኩ። ጆንያ ስመዝን እንኳ ሁለት ጊዜ ነበር የምመዝነው። ሃያ ሁለት ዓመት ራሴን አላመንኩትም።"

ድንበሩ ይህን ሲሰማ እግሩ ሥር ወደቀ። እሱ የወሰድኩት ሹመቱን ነው ብሎ ሲጸጸት ነበር የኖረው። የወሰደው ግን ከዚያ የከፋ ነበር፤ እሱንም ያወቀው ገና አሁን ነው። አብዶሽ አነሳው። በማግስቱ ድንበሩ የዚያን ቀን ነገር እንደነበረ ጽፎ፣ ስሙን ፈርሞ፣ ሁሉም እንዲያነበው በመጋዘኑ በር ላይ ለጠፈው። አንዳንዱ አነበበና ጀርባውን ሰጠው፤ ተገቢው ነው ብሎ ቻለው። አብዶሽ ግን በሰዓቱ መጥቶ በቦታው ተቀመጠ፣ ስልኩንም አንስቶ አንድ ቀልድ ጀመረ።

የአገራችን ሰው "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ይላል። እውነት ነው። ግን አንድ የባሰ ነገር አለ፤ ወጊው እያስታወሰ፣ የተወጋው ሰው ምናልባት ራሴን የወጋሁት እኔ እሆናለሁ ብሎ ሲጠራጠር መኖር። በሰው ላይ የምንዋሸው ውሸት እንጀራውን ብቻ አይወስድበትም፤ ሰውዬው በገዛ ዓይኑ፣ በገዛ ጆሮው፣ በገዛ ልቡ እንዳይተማመን ያደርገዋል። ስህተት ሁሉም ይሳሳታል፤ ድንበሩን ጢስ አሳሳተው፣ ያ ይቅር ይባላል። ያጠፋው ከዚያ በኋላ "አልጠየቀኝም" ያላት ቃል ናት። ያዳነውም ሐዲዱን ማሳመሩ አልነበረም፤ ሰባት ዓመት ያማረ ሥራ ሠርቶ አንዲቷን እውነት ሳይናገር ቢቀር ኖሮ አብዶሽ ራሱን እንደተጠራጠረ ይሞት ነበር።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ እናንተም እስቲ አስቡ። "እሱ ነው ያጠፋው" ብላችሁ ያለፋችሁት፣ ዛሬም ድረስ "እኔ እሆን እንዴ?" እያለ የሚኖር ሰው የላችሁም? ካላችሁና በሕይወት ካለ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?